ዘጠነኛ ክፍልን በኢንተርኔት ለሚጀምር ልጅ ወላጆች

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የትምህርት ዘመኑን በዙም ሲጀምሩ፣ ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ልጆች የአዲሱን ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆነዋል። የእርስዎም ልጅ በዚህ ሁኔታ የሚጀምር ከሆነ፣ በአሜሪካ ለኮሌጅ የሚቀርበው የውጤት መዝገብ ከዘጠነኛ ክፍል እንደሚነሣ ይወቁ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር መለማመጃ አይደለም።

በኢንተርኔት ትምህርት ውጤትን የሚያወርደው ብዙውን ጊዜ የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ሳይላክ የቀረ የቤት ሥራ ነው። ልጁ ሥራውን ጨርሶ የማስረከቢያውን ቁልፍ ሳይጫን ሊተኛ ይችላል። «ሠርቻለሁ» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ መምህሩ ግን አላየውም፣ ካልተስተካከለም ዜሮ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢቻል ዓርብ ማታ፣ ከልጅዎ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ የእያንዳንዱን ትምህርት ገጽ በመክፈት ያልተላከውን ለዩና ልጁ ራሱ ለመምህሩ አጭር ኢሜይል እንዲጽፍ ያድርጉ። ለዚህም ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የሚሰጠውን የራስዎን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቁ፤ በልጁ የይለፍ ቃል ተደብቆ መግባት በዚህ ዕድሜ መተማመንን ያሻክራል።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎት ከሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብልዎት የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ልጁ ስለ ራሱ ውጤት ለእርስዎ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን አይመከርም።