ኬስትሬል፦ ስለዚህ ትንሽ ጭልፊት ሲነገር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኬስትሬል በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ በሰፊው ተሰራጭቶ የሚገኝ፣ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ32 እስከ 39 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ኪሎ የማያልፍ ትንሽ ጭልፊት ነው። በእርሻ ዳር፣ በስልክ እንጨት ላይ፣ በከተማ ሕንፃ ጫፍ ላይ ሳይቀር ስለሚታይ ያየው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ስህተት የበዛውም ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

የመጀመሪያው ስህተት ጠማማ ምንቃርና ስለታም ጥፍር ያለውን ወፍ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አባል አድርጎ መቁጠር ነው። በአማርኛ ጭልፊት የሚለውን ስም ለብዙ ዓይነት አዳኝ ወፎች ስለምንሰጥ ስህተቱ ብዙም አያስወቅስም። ሆኖም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ የዘረመል ጥናቶች ኬስትሬልን የሚያቅፈው ወገን ከንስርና ከአሞራ ይልቅ ለበቀቀንና ለዘማሪ ወፎች እንደሚቀርብ አሳይተዋል፤ ከንስር ጋር ያመሳሰለው የቅርብ ዝምድና ሳይሆን የአደን ኑሮ ነው። ልዩነቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የላይኛውን ምንቃር ጠርዝ ቢመለከት እንደ ጥርስ ሾል ብላ የወጣች ነገር ያገኛል፤ ወፉ የያዘውን አይጥ አንገት ነክሶ የሚሰብረው በእርሷ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ኬስትሬልን የፔሪግሪን ጭልፊት ታናሽ ወንድም አድርጎ መሣል ነው። ፔሪግሪን ከሰማይ ተወርውሮ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲፈጥን፣ የኬስትሬል ጥበብ በአንጻሩ አለመንቀሳቀስ ነው። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ክንፎቹን እያርገበገበ አየር ላይ አንድ ቦታ ይቆማል። በዚህ ጊዜ በአቅራቢ መነጽር ያየው ሰው አንድ አስደናቂ ነገር ያስተውላል፦ አካሉ በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ጭንቅላቱ ግን በምስማር እንደተመታ ፍንክች አይልም፤ ሣር ውስጥ የምትንቀሳቀሰውን አይጥ መለየት የሚችለው ዓይኑ ሲረጋ ብቻ ነውና። ከዚያም በአንድ ጊዜ አይወረወርም፤ ትንሽ ወረድ ይላል፣ እንደገና ይቆማል፣ በመጨረሻ ሣሩ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ቆሞ ማደን ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ በክረምት ቅዝቃዜ ወቅት እንጨት ላይ ተቀምጦ መጠበቅን ያዘወትራል፤ ስለዚህ አየር ላይ ያልቆመ ኬስትሬል አይደለም ማለትም ስህተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ሦስተኛው ነው፦ ኬስትሬል የአይጥን ሽንት የሰው ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን እያየ ዱካዋን ይከተላል የሚለው። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ወፎቹ በሽንት ምልክት ወደተደረገበት ቦታ እንደሚሳቡ ገልጾ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ግን የአዳኝ ወፎቹ ዓይን አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ወደ ውስጥ እንደማያሳልፍ፣ የአይጦቹም ሽንት ከአካባቢው ጎልቶ የሚታይ የአልትራቫዮሌት ነጸብራቅ እንደሌለው አሳየ። ታሪኩ ውብ ስለሆነ እስካሁን ሳይመረመር ይደጋገማል፤ እኔ ግን ሀቁ ከተረቱ አያንስም ባይ ነኝ፤ ወፉ እንቅስቃሴን ማየቱ ብቻ ይበቃዋል።

መልክን በተመለከተ፣ ራሱና ጅራቱ ግራጫ ያልሆነውን ሁሉ ሴት ማለት አይገባም፤ ያልጎለመሰ ወንድም እንደ እናቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። ትንሹ ኬስትሬል ከሚባለው ዘመዱ ጋርም ይምታታል፤ የዚያኛው ጎልማሳ ወንድ ጀርባው ነጠብጣብ አልባ ሲሆን ጥፍሩ ፈዛዛ ነው፣ የእኛው ጥፍር ግን ጥቁር ነው። የአሜሪካው ኬስትሬል ደግሞ በስም ይገናኝ እንጂ ሌላ ዝርያ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ጎጆውን ይመለከታል። ኬስትሬል ጎጆ አይሠራም፤ ቁራ በተወው ጎጆ፣ በገደል ስንጥቅ፣ በዛፍ ጉድጓድ ወይም በሕንፃ ጠርዝ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 እንቁላል ይጥላል። ሴቷ አንድ ወር ያህል ስትታቀፍ ምግብ የሚያቀርበው ወንዱ ነው። ጫጩቶቹ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ይወጣሉ፤ አደን እስኪለምዱ ድረስ ግን ወላጆቻቸው ለሳምንታት ይመግቧቸዋል። መሬት ላይ ወይም ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚጮኸውን ላባው የሞላ ጫጩት የተጣለ መስሎት ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ይሳሳታል፤ የጫጩቱ እናት አይጥ ይዛ ስትመለስ ከቦታው ታጣዋለች፤ ካልቆሰለና ድመት ካላሰጋው በቀር መተው ነው፣ ቢበዛ ከፍ ወዳለ ቅርንጫፍ ማውጣት።