አዘዞ ላይ ክንፍ በረዶ ሲይዝ

ጎንደር ላይ በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን በክረምት ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው ጠጠር ነው፤ አመዳይ ደግሞ የስሜን ተራሮች ነገር ነው። ስለዚህ በጎንደር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ በረዶ ይይዛል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ይይዛል። በረዶው ግን ከሰማይ ሳይሆን ከነዳጁ ይነሣል። በከፍታ ረጅም ሰዓት የበረረ አውሮፕላን ነዳጁ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ካረፈም በኋላ ክንፉን ከውስጥ ያቀዘቅዘዋል፤ ጤዛ ወይም ጭጋግ ካገኘው አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ጥርት ያለ በረዶ ይጋገርበታል።

ይህ በረዶ ውሃ ይመስላል፤ በዓይን አትመኑት። መሰላል አቁሙ፣ ጓንት አውልቁ፣ ከታንኩ በላይ ያለውን የክንፍ ገጽ በመዳፋችሁ ዳብሱ። ውሃ ከሆነ በጣት ሲገፋ ይሸሻል፤ በረዶ አይነቃነቅም። ስስ ነው ብላችሁ አትለፉት፦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሸከረ አመዳይ የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከክንፉ ሥር፣ ታንኩ ባለበት፣ እስከ 3 ሚሊሜትር አመዳይ የሚታለፈው የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ ነው።

በጀሪካን ሙቅ ውሃ መድፋት አደገኛ ነው፤ ለጊዜው ያቀልጥና ቀዝቃዛው ክንፍ ላይ፣ ይባስ ብሎም በክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ማጠፊያዎች ውስጥ ተመልሶ ይረጋል። መፋቅም የክንፉን ገጽ ይጎዳል። በረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ የሚረጭ መኪና ከሌለ ፀሐይ እስኪያቀልጠው በረራውን አዘግዩ። ተሳፋሪ ቢቆጣም ይቆጣ።

መርጫ ካለ፣ ካፒቴኑ የአየር ማስገቢያዎቹን ይዝጋ፤ አለዚያ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ግላይኮል (ውሃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ጭሱ ካቢን ይገባል። ታይፕ ዋን የሚባለው ብርቱካናማ ማቅለጫ ፈሳሽ ከአፈሙዙ ሲወጣ ቢያንስ 60 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በረዶውን የሚያቀልጠው ሙቀቱ ነው፣ ግላይኮሉ ተመልሶ እንዳይረጋ ይከለክላል። የፈሳሹንና የውሃውን ቅልቅል በሪፍራክቶሜትር (የፈሳሽን ጥንካሬ በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ፦ የሚረጋበት ነጥብ ከአየሩ ሙቀት ቢያንስ በ10 ዲግሪ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ክንፉ ከአየሩ የቀዘቀዘ ከሆነ ስሌቱን በክንፉ አድርጉ። ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ እርጩ፤ ከኋላ ከረጫችሁ የቀለጠው ውሃ ወደ ክንፉ ክፍተቶች ይገባል። ፍጥነትና ከፍታ የሚለኩባቸውን ፒቶት ቱቦንና ስታቲክ ቀዳዳን፣ የሞተር አፍን፣ መስኮትንና ፍሬንን በቀጥታ አትርጩ። በረዶ የያዘው አንዱ ክንፍ ብቻ ቢሆንም ሁለቱንም እኩል እርጩ።

ፈሳሹ በረዶ እንዳይመለስ የሚከላከልበት ጊዜ የሚቆጠረው የመጨረሻው ርጭት ከተጀመረበት ደቂቃ ነው፤ ካለቀበት የሚቆጥር ሰው ስላለ ሰዓቱን ጻፉት። ከዚያ እንደገና ዳብሱ፤ ገጹ ንጹሕ ከሆነ የፈሳሹን ዓይነት፣ ቅልቅሉንና የተጀመረበትን ሰዓት ለካፒቴኑ ንገሩ።