ከጣቢያው በር የተመለሰ የእድሳት ፍርስራሽ እንዴት ተራገፈ

ጭነቱ ከቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያው (ቆሻሻ ወደ መጨረሻ ቦታው ከመሄዱ በፊት ከሚራገፍበት) በር የተመለሰው ጂፕሰም ቦርዱ (የኮርኒስና የግድግዳ ሰሌዳው) ከኮንክሪትና ከሴራሚክ ስብርባሪ ጋር ስለተደባለቀ ነው። ንጹሕ ስብርባሪ ተፈጭቶ ለሙሌት ይውላል፤ ጂፕሰም ከገባበት ግን ይበላሻል። ጂፕሰም ከእርጥብ ቆሻሻ ጋር ሲቀበር ደግሞ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ስለዚህ ሁሉም እንደገና ተለየ። ጂፕሰሙ ለብቻው፣ በሸራ ተሸፍኖ፦ ዝናብ ከነካው ይከብዳል፤ ክፍያው በሚዛን ከሆነ የውሃውም ሒሳብ ይከፈላል። ስብርባሪው በሲሚንቶ ከረጢት፣ እስከ ግማሽ ብቻ፤ የሞላው 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ወይ ከረጢቱ ይተረተራል ወይ ወገብ ይያዛል። የተረፈ የውሃ ቀለም በሰጋቱራ ተመጥጦ እስኪደርቅ ክዳኑ ክፍት ይቆይ። የዘይት ቀለምና ቲነር ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ነው የሚሄዱት።

አጫጫኑም ለውጥ ያመጣል (ብዙ ሰው ይረሳዋል)፦ መጨረሻ የሚራገፈው መጀመሪያ ይጫናል።