ከባንኮክ ቶኪዮ በረራው ስንት ሰዓት ነው? ራሳችሁ አስሉት

"ከባንኮክ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ 5 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 7 ሰዓት ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም። ጓደኞቼ ትኬት ሊቆርጡ ሲሉ ይህንኑ ይዘው ስለሚመጡብኝ፣ እኔ የማሰላበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኤርፖርቱን ለዩ። ሁለቱም ከተሞች ሁለት ሁለት አላቸው፤ ባንኮክ ሱቫርናቡሚና ዶን ሙዌንግ፣ ቶኪዮ ደግሞ ናሪታና ሃኔዳ። አየር ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። መሬት ስትረግጡ ግን ናሪታ ከመሃል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሃኔዳ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ዋጋው ከተቀራረበ እኔ ዓይኔን ሳላሽ ሃኔዳን እመርጣለሁ።

ከሱቫርናቡሚ ናሪታ ቀጥታው ርቀት 4,650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለማግኘት አትሞክሩ፤ መሬት ክብ ስለሆነች ያሳስታችኋል። ርቀቱን በኖቲካል ማይል (በአየርና በባሕር ጉዞ መለኪያ) ካገኛችሁት፣ ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ1.852 አባዙት።

ትልልቆቹ ጄቶች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። 4,650ን ለ900 ስታካፍሉ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይመጣል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ለሚንከባለልበት፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። 5 ሰዓት ከ40 ሆነ። ይህ ነፋስ ከሌለ ነው።

ነፋስ ግን አለ፣ ያውም ጉልበተኛ። ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም በተለይ በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ጃፓን ሰማይ ላይ ይበረታል። መንገዱን በሙሉ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከኋላ ቢገፋችሁ ፍጥነቱ 1,000 ይሆናል። ስትመለሱ ከፊት ቢገጥማችሁ 800። አካፍሉትና እዩት፤ በአንድ መንገድ ላይ 70 ደቂቃ ልዩነት! መልሱ ሁለት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ "ወዴት?" እና "በየትኛው ወር?" የሚለውን አብራችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚምታታው ትኬቱ ላይ ነው። የመነሻው ሰዓት የባንኮክ፣ የመድረሻው የቶኪዮ ነው፤ ቶኪዮ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በ2 ሰዓት ትቀድማለች። ለምሳሌ በ23:55 ተነስቶ በማግስቱ 08:05 የሚደርስ በረራ 8 ሰዓት ከ10 ይመስላል። 2 ቀንሱ፣ 6 ሰዓት ከ10 ነው። ሲመለስ በ17:00 ተነስቶ በ22:00 የሚደርሰውን አይታችሁ ደግሞ "5 ሰዓት ብቻ!" እንዳትሉ። እዚህ 2 ይደመራል፤ 7 ሰዓት ቁጭ ማለት ነው።

የትኬቱ ጊዜ እናንተ ካሰላችሁት ረዘም ቢል አይግረማችሁ። አየር መንገዶች ለመጨናነቅ መጠባበቂያ ደቂቃ ይይዛሉ። "ቀድመን ደረስን" የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ቶኪዮ ላይ ሌላ በረራ የምትቀይሩ ከሆነ ግን የትኬቱን ሰዓት ተከተሉ፣ የእኔን ስሌት ተዉት። በናሪታ ገብታችሁ በሃኔዳ የምትወጡ ከሆነማ ኤርፖርት ለመቀየር ብቻ ብዙ ሰዓት ያዙ፤ እኔ እንዲህ ዓይነቱን ትኬት ከነጭራሹ አልቆርጥም።