የሙቀት ጌጁ ሲዋሽ፦ በግል በሚገነቡ አውሮፕላኖች የሙቀት መለኪያ ሽቦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በግል የሚገነባን አውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጋው ራሱ ገንቢው ነው። በአሜሪካ ደንብ አንድ አውሮፕላን በዚህ ምድብ የሚመዘገበው አብዛኛውን ሥራ ግለሰቦች ለትምህርታቸው ወይም ለመዝናኛቸው ብለው ራሳቸው ከሠሩት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፓነሉ ጀርባ የትኛው ሽቦ በየት እንደሚያልፍና የት ላይ እንደተቀጠለ ከገንቢው በቀር የሚያውቅ የለም። ጌጁ እንግዳ ቁጥር ሲያሳይም መርማሪው እሱው ነው።

የሙቀት ጌጅ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። ከእውነቱ በላይ ሲያሳይ አብራሪው ይደነግጣል፣ ያርፋል፣ ይፈትሻል። ከእውነቱ በታች ሲያሳይ ግን ማንም አይፈትሸውም። ሲሊንደሩ ከልክ በላይ እየጋለ ባለቤቱ የአየር ማቀዝቀዣው መንገድ በደንብ ተሠርቶልኛል ብሎ ይደሰታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው። በአየር ላይ ሳሉ ቁጥሩ ከወጣ ግን እውነት ነው ብለው ይመኑ። የሞተሩን ጉልበት ይቀንሱ፣ ድብልቁ ላይ ነዳጅ ያብዙ፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ፍጥነት ይጨምሩ፣ ለማረፍም ይዘጋጁ። ሽቦው የሚጠረጠረው መሬት ከተረገጠ በኋላ ነው።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ባለአራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የላይካሚንግ ሞተር ላይ ናቸው። ለዚህ ሞተር የሲሊንደር ቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ሙቀት የመጨረሻ ጣሪያ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ዕድሜው እንዲረዝም የሚፈልግ ደግሞ በጉዞ ላይ ከ205 ባይበልጥ ይመርጣል።

በቴስታታውና በጭስ ማውጫው ላይ የሚገባው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ቴርሞካፕል ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙና ሲሞቁ እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ያመነጫሉ። ኬ የሚባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ ወደ 41 ማይክሮቮልት፣ ጄ የሚባለው ወደ 52 ማይክሮቮልት ይሰጣል። መዘንጋት የሌለበት ነገር ቴርሞካፕል የሚለካው ሙቀትን ሳይሆን የሙቀት ልዩነትን መሆኑ ነው፤ በሞተሩ በኩል ባለው ጫፍና በጌጁ በኩል ባለው ጫፍ መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል። ጌጁ የራሱን የጀርባ ሙቀት ለክቶ ይደምርበትና እውነተኛውን ቁጥር ያወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ግማሾቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ምልክት፦ አውሮፕላኑ ሌሊቱን ቆሞ አድሮም ቁጥሮቹ አይስማሙም

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ብቻ ያብሩ። አራቱም ቴስታታዎች፣ ዘይቱም፣ የውጭ አየሩም ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተለየ ጥፋቱ የዚያ መስመር ነው። የቴርሞካፕል መስመሮች በሙሉ በአንድ ዓይነት መጠን ከተዛነፉ ግን ሴንሰሮቹን አይንኩ። ጥፋቱ ጌጁ የራሱን ሙቀት የሚለካበት ክፍል ላይ ነው፤ ወይም ጌጁ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ወይም የማሞቂያ አየር መውጫ አጠገብ ተቀምጧል። ቦታውን ይቀይሩ፤ ካልተስተካከለ ወደ አምራቹ ይላኩት።

ይህን ፈተና ማለፍ ግን ንጹሕ መሆንን አያረጋግጥም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት ጠዋት ጠዋት ፈጽሞ አይታይም።

ምልክት፦ ሞተሩ ከሚጠበቀው በላይ «ቀዝቃዛ» ነው፣ ያውም በሞቃት ቀን

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመዳብ ሽቦ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ አጭር ሆኖ እስከ ፓነሉ አልደርስ ሲል ገንቢው በእጁ ያለውን ጥሩ የአውሮፕላን ሽቦ ይቀጥልበታል። ሽቦው ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው መዳብ ነው፤ ከመቀጠያው ነጥብ እስከ ጌጁ ያለውን የሙቀት ልዩነት አይሸከምም። በሞተር ሽፋኑ ውስጥ መቀጠያው 70 ዲግሪ፣ የፓነሉ ጀርባ ደግሞ 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው፤ ይህ በሙሉ ከንባቡ ይጠፋል። ጌጁ 195 እያለ ቴስታታው 240 ላይ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ትክክለኛው ማራዘሚያ ሽቦ ተገዝቶ በሁለቱም ጫፎች ተገልብጦ የተገጠመ እንደሆነ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው ምሳሌ 90 ዲግሪ ይወርዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ስለሚጨምር ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። በአንድ ጫፍ ብቻ ቢገለበጥ ይሻል ነበር፤ ሞተሩ ሲግል ቁጥሩ ወደታች ስለሚሄድ ማንም ወዲያው ይነቃል።

የመገልበጡ ዋና ምክንያት ቀለም ነው። ባትሪ ያሰረ ሰው ሁሉ ቀይ ፖዘቲቭ ነው ብሎ እጁ ለምዷል። በአሜሪካ የቴርሞካፕል ደረጃ ግን ቀዩ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው። ለጄ ፖዘቲቩ ነጭ፣ ለኬ ፖዘቲቩ ቢጫ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ሽቦ ከሆነ ኔጋቲቩ ነጭ ይሆንና ፖዘቲቩ ለኬ አረንጓዴ፣ ለጄ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ሽቦ ሲያዩ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አይግጠሙት። ቀለሙ ከደበዘዘ ማግኔት ያምጡ፤ በጄ ውስጥ ማግኔት የሚይዘው ፖዘቲቩ ነው፣ ብረት ነውና። በኬ ውስጥ የሚያዘው ኔጋቲቩ ነው። መዳብን ማግኔት አይዘውም፤ ከሁለቱ አንዱም ካልተያዘ የያዙት የጄም የኬም ቴርሞካፕል ሽቦ አይደለም ማለት ነው።

እንዴት ይረጋገጣል? ብዙ ሰው ሴንሰሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክርና ቁጥሩ ትክክል ሲሆን ይረካል። ይህ ለዚህ ጥፋት ከንቱ ነው፤ መቀጠያውና ጌጁ እኩል ሙቀት ላይ እስካሉ ድረስ መዳቡም የተገለበጠውም ሽቦ ትክክል ያነባል። ሊሞቅ የሚገባው መቀጠያው ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ማስተር ስዊቹን ያብሩና የፀጉር ማድረቂያ በመቀጠያው ላይ ይልቀቁ፤ ሁለቱም ተርሚናሎች እኩል ይሙቁ። ሽቦው ትክክል ከሆነ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ሴንሰሩ ሳይነካ ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ሽቦውን ራሱ የዘረጋ ማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው በረራ በፊት በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሊያደርገው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መፍትሄው ከሴንሰሩ እስከ ጌጁ ድረስ ያለማቋረጥ ዓይነቱ የሆነውን ማራዘሚያ መጠቀም ነው፤ ለጄ የጄ፣ ለኬ የኬ። በመንገድ ላይ ያለ ትንሽ የመዳብ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ መጋጠሚያ) አያስፈራም፤ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ሙቀት ላይ ስለሆኑ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። በሊድ ለመበየድ ግን አይሞክሩ። ሊዱ እነዚህን ብረቶች በደንብ አይዛቸውም፤ የያዘ መስሎም በንዝረት ይለቃል። በትክክለኛ መጭመቂያ ፒንሳ ይጭመቁት ወይም በብሎን ይሰሩት።

ምልክት፦ ጠዋት ትክክል ነው፣ ሲሞቅ ግን ስህተቱ አብሮ ያድጋል

የጄ ሴንሰር የኬ ጌጅ ላይ ገብቷል፣ ወይም በተቃራኒው። ጌጁ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ በ200 ዲግሪ ያለ የጄ ሴንሰር በኬ ጌጅ ላይ ወደ 260 ይነበባል። የኬ ሴንሰር በጄ ጌጅ ላይ ደግሞ ያንኑ 200 ወደ 157 ዝቅ ያደርገዋል፤ አደገኛው ይህኛው ነው። እዚህ የፈላ ውሃ ይረዳል፤ ነገር ግን ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ደረጃ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92፣ ዴንቨር ላይ 95 አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ የተነከረ ሴንሰር 92 ቢያነብ ደህና ነው፤ 111 ካነበበ ጄው ኬ ጌጅ ላይ ነው። የዘመኑ ዲጂታል ጌጆች የሴንሰሩን ዓይነት ከማስተካከያ ገጻቸው ማስመረጥ ይችላሉ፤ ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት እዚያ ይመልከቱ።

ምልክት፦ አንድ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይለያል

የሁለት ሲሊንደሮችን ሽቦ ከመቀጠያው ላይ ያቀያይሩና እንደገና ያብርሩ። ያልተለመደው ቁጥር ወደ ሌላው መስመር ከተዛወረ ጥፋቱ ከመቀጠያው ወደ ሞተር ባለው በኩል ነው። በዚያው መስመር ላይ ከቀረ ሽቦው ወይም ጌጁ ነው። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ ሴንሰሮቹን ራሳቸውን ያለዋውጡ። ቁጥሩ አሁንም ከሲሊንደሩ ካልተለየ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የአየር መከለያ ቆርቆሮዎቹና ጎማቸው ክፍተት እንዳላቸው፣ በአየር መግቢያ ቱቦው ላይ ማፈትለክ እንዳለ ይፈትሹ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የተለመደ ነገር አለ። በቴስታታው ላይ ለሴንሰር የተሠራው ቀዳዳ በሌላ ጌጅ ሴንሰር ስለተያዘ በአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከካንዴላ ሥር የሚገባ ባለሮንዴላ ቴርሞካፕል ይገጠማል። የሚለካው ቦታ ሌላ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይስማማም፤ የላይካሚንግ ገደብም የተሰጠው ለቀዳዳው እንጂ ለካንዴላው ሥር አይደለም። በቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ደግሞ በሞላ (ስፕሪንግ) ተገፍቶ ጫፉ ወለሉን መንካት አለበት። ሞላው ካልተጨመቀ ጫፉ አየር ላይ ይንጠለጠልና ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

በጭስ ማውጫው ላይ ደግሞ ሴንሰሮቹ ሁሉ ከሲሊንደሩ እኩል ርቀት ላይ መሆናቸውን ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው። የጭስ ሙቀት ቁጥር በራሱ ብዙ አይናገርም፤ የሚጠቅመው ለውጡ ነው።

ምልክት፦ መብራት ሲበራ የዘይት ሙቀት ይዘላል

ይህ የግራውንድ (ጅረቱ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ) ችግር ነው። ብዙ የዘይት ሙቀት ሴንሰሮች አንድ ሽቦ ብቻ አላቸው፤ መመለሻቸው የሞተሩ አካል ነው። አልተርኔተሩ ለመብራቱ፣ ለሬዲዮውና ለባትሪው የሚሰጠው ጅረትም በዚያው የሞተር አካል በኩል ነው የሚመለሰው። የሞተሩ ግራውንድ ገመድ ከዛገ ወይም ከላላ፣ 0.01 ኦም የምትሆን ሬዚስታንስ እንኳን በ40 አምፔር 0.4 ቮልት ትፈጥራለች። ያኔ የሞተሩ አካል ከጌጁ ግራውንድ በታች ይወርዳል። ሴንሰሩ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ዓይነት ስለሆነ ጌጁ የወረደውን ቮልቴጅ እንደ ሙቀት ይቆጥረዋል፤ ዘይቱ ሳይሞቅ መርፌው ይወጣል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ጅረቱ በተቃራኒው ስለሚሄድ መርፌው ይወርዳል። ሁለቱን በአንድነት ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከሞተሩ አካል፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ያገናኙና ረዳት ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልዎት፤ ከፕሮፔለሩ ፊት ማንም አይቁም፣ ማግኔቶዎቹም (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጩት) ይዘጉ። ግማሽ ቮልት ከታየ ገመዱ መነቀል አለበት። ይህን ለነገ የሚያሳድር ሰው ሌላ አደጋ አለበት፤ የሞተሪኖው ጅረት ዋናው መመለሻ ሲጠፋበት በጋዝ መስጫው ገመድና በብረት በተጠለፈው የነዳጅ ቱቦ በኩል ይመለሳል፣ እነሱንም ያግላቸዋል።

መፍትሄው ከክራንክኬዙ (የሞተሩ ዋና አካል) እስከ እሳት መከላከያው ግድግዳ የሚደርስ ወፍራም፣ ተጣጣፊ የተጠለፈ ገመድ ነው። ከብሎኑ ሥር ያለውን ቀለምና ዝገት እስከ ብረቱ ፍቀው ያስሩት። የጌጆቹም ግራውንድ ወደዚያው አንድ ነጥብ ይምጣ። ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር ሾጣጣ ጥርስ ካለው ቴፍሎን አይጠቅልሉበት፤ ቴፍሎኑ ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ግራውንዱንም ሊዘጋው ይችላል።

ምልክት፦ የሬዲዮ መናገሪያ ቁልፍ ሲጫኑ ወይም በንዝረት ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል

ሬዲዮ ሲያስተላልፉ ብቻ ከሆነ የአንቴናውን ኬብል ጫፎችና ግራውንዱን ይመልከቱ፤ የሴንሰር ሽቦዎችንም ከእሱና ከማግኔቶ ሽቦዎች ያርቁ። ጥንዶቹ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ይሁኑ። በንዝረት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ጌጁ እንደበራ ሽቦውን በእጅ እያነቃነቁ ከሴንሰሩ ወደ ፓነሉ ይሂዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ካፖኮርዳው ሥር ተሰብሮ በሽፋኑ ብቻ የተያዘ ሽቦ ያገኛሉ። ቆርጠው እንደገና ይጭመቁ፤ ክብደቱ ሽቦው ላይ እንዳይወድቅም በቅርብ ይሰሩት።

ምልክት፦ መርፌው ከአንዱ ጫፍ አይነቃነቅም

ሮታክስ 912 በሚባለው ሌላ ዓይነት ሞተር ላይ ያሉት የዘይትና የቴስታታ ሴንሰሮች ባለሬዚስታንስ ናቸው፤ ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው ይቀንሳል። ሽቦውን ከሴንሰሩ ይንቀሉ፤ ጌጁ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ መሄድ አለበት። የተነቀለውን ሽቦ ለአፍታ ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙ፤ ወደ ሞቃቱ ጫፍ መሄድ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ሽቦውም ጌጁም ደህና ናቸው፤ ሴንሰሩን ይቀይሩ። ካላደረገ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ከብረት ጋር ተነካክቷል።

ሴንሰሩን በዚህ አጋጣሚ ሲቀይሩ ቴስታታው የትኛው ትውልድ እንደሆነ ይመልከቱ። በቀድሞዎቹ ላይ የሚለካው የቴስታታው ብረት ነው፤ ገደቡ ለ912 ዩኤል 150፣ ለ912 ዩኤልኤስ 135 ዲግሪ ነው። በአዲሶቹ ላይ የሚለካው የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲሆን ገደቡ 120 ነው። ቴስታታው ተቀይሮ ጌጁ ላይ የቀድሞው ቀይ መስመር ከቀረ፣ ሽቦው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳን ፈሳሹ ገደቡን ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው አይበራም። ቀዩን መስመር በዚያው ቀን ያስተካክሉ፣ ለውጡንም በሞተሩ መዝገብ ላይ ይጻፉ።