ማርክ 5 የጠላቂ ሄልሜት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ

ማርክ 5 የአሜሪካ ባህር ኃይል ጠላቂዎች ይለብሱት የነበረ የመዳብ ሄልሜት ነው፣ ሁለት ክፍል አለው፦ ጭንቅላቱ፣ እና ትከሻና ደረት ላይ የሚያርፈው ደረቱ። የመጀመሪያውን የገዛሁት ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው። ደረቱ ላይ የናስ ታርጋ አለው፣ ዩኤስ ኔቪ ማርክ 5 ይላል፣ ቁጥርም ዓመተ ምህረትም አለው፣ መዳቡ ፊት ያሳያል፣ በቃ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ቁምሳጥን ላይ ሳወጣው ነው ክው ያልኩት፣ ምክንያቱም እውነተኛው ማርክ 5 ከነደረቱ 25 ኪሎ ገደማ ነው፣ እንደ ዘምቢል አይንጠለጠልም። የኔው ለሬስቶራንት ማስጌጫ ተብሎ የተሰራ ነበር።

ታርጋ ማንም ያሳትማል። ስለዚህ ታርጋውን እርሱትና ገልብጡት፣ ባትሪ አብሩና ውስጡን እዩ። አስመስለው የሚሰሩት ሰዎች የሚደክሙት ለውጪው ነው፣ ሆዱ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። በእውነተኛው ውስጥ ከኋላ የሚገባውን አየር ወደ መስታወቶቹ የሚወስዱ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ታያላችሁ፣ የጠላቂው ትንፋሽ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው ነው። በአገጭ ጎን ደግሞ ጠላቂው በአገጩ እየገፋ አየር የሚያስወጣባት ቁልፍ አለች፣ እጁ ስራ ላይ ነዋ። የስልክ ቦታም አለው። እነዚህ ከሌሉ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም።

ከዛ አንገቱ ጋ ሂዱ። ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ተቀምጦ አንድ ስምንተኛ ዙር ሲዞር ጥርሱ ይያያዛል፣ ከኋላ ደግሞ ራሱን ፈትቶ እንዳይዞር መቆለፊያ አለው። መሃል ላይ የቆዳ ጓርኒሲዮን አለ፣ ድርቅ ብሎ የተሰነጠቀ ቢሆን አይግረማችሁ፣ ይቀየራል። ደረቱ ዙሪያ 12 ብሎን ይቆጠራል፣ የልብሱን ላስቲክ በአራት የናስ ቁራጭና በዳዶ ጨምቆ ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው እሱ ነው። ውሸቱ ላይ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ለጌጥ ነው፣ ዳዶውን ብትፈቱት ምንም የሚለቅ ነገር የለም።

ቁጥሩን ነገር በደንብ እዩ። የጭንቅላቱና የደረቱ ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ካልተገናኘ ግን ወዲያው ውሸት ነው አትበሉ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ሲጠገን የአንዱ ጭንቅላት ከሌላው ደረት ጋር ይገጠም ነበር። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ማርክ 5 የመጣው በፈረንጆቹ 1916 ነው። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ኤፍ 4 የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ሆኖሉሉ ጋ ሰጥማ ጠላቂዎች 304 ጫማ ድረስ ወርደው ነበር፣ የተሻለ ዕቃ እንደሚያስፈልግ ያሳየው እንደሱ ያለው ስራ ነው። ማርክ 12 የሚባለው እስኪተካው ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል፣ በአሜሪካ ባህር ኃይል የመጀመሪያው ጥቁር ማስተር ዳይቨር (ከፍተኛው የጠላቂ ማዕረግ) ካርል ብራሺርም የለበሰው ይሄንኑ ነው። አራቱን የሰሪ ስም ያዙ፦ የቦስተኑ ሞርስ፣ የብሩክሊኑ ሽሬደር፣ የሚልዋኪው ዴስኮና የማያሚው ሚለር ደን። ለጀማሪ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜውን እመክራለሁ፣ ያኔ በብዛት ስለተመረተ ገበያ ላይ ይገኛል፣ የሚወዳደርበት ናሙናም አታጡም። ዴስኮ ዛሬም አዲስ ይሰራል፣ ዕቃው አንደኛ ነው ግን አንቲክ አይደለም፣ ሻጩ እሱን "የጦርነት ጊዜ" ብሎ እንዳይሸጥላችሁ። ጀርባው ላይ ትልቅ ቆርቆሮ ያለው፣ በጣም ጥልቅ ለመውረድ ሂሊየም ያለበት ጋዝ የሚተነፈስበት ዓይነት ደግሞ ውድ ነው፣ ተራውን ቀይረው የሚያስመስሉትም ስላሉ በመጀመሪያ ግዢ አትነካኩት። ኪስ ካልፈቀደ የሶቪየቱ ባለ 3 ብሎን አለ፣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ እሱም የምር የተሰራበት ዕቃ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የባህር ኃይሉ ማርክ 5 ሲሰራ በቲን የተለበጠ ነው፣ መልኩ ግራጫ ነው፣ እንደ ቀይ መዳብ ድስት አያብለጨልጭም። ሰው ግን መዳብ ማየት ስለሚወድ ልባጩን ገፎ፣ ፖሊሽ አድርጎ ይሸጠዋል፣ እንዲያውም ጡረታ የወጡ ጠላቂዎች ራሳቸው ለሳሎን ብለው ገፈውታል። የተገፈፈው ውሸት አይደለም፣ ግን ልባጩ ያለበት ካገኛችሁ እባካችሁ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፣ አንዴ ከሄደ ሄደ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ንጹህ ውሃ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዛ ስስ ሰም። በቃ።

ኦንላይን ስትገዙ የውስጡን፣ የአንገቱን ጥርስና ሚዛን ላይ ያለበትን ፎቶ ጠይቁ፣ ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ እናንተም ብር የለኝም በሉት። ሲላክ ጭንቅላቱና ደረቱ ተነጣጥሎ በሁለት ካርቶን ይሁን፣ አንድ ላይ ከሆነ መንገድ ላይ እርስ በርስ ይጋጫል። ለብሳችሁም ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ፣ ሰማንያ ዓመት በሞላው ስታኞና ቫልቭ ነፍስ አይያዝም። መደርደሪያችሁንም ቀድማችሁ ፈትሹ፣ የኔ ጣውላ በሁለተኛው ሳምንት መጉበጥ ስለጀመረ ዛሬ እውነተኛው ሄልሜቴ ያለው መሬት ላይ፣ የቡና ረከቦቱ አጠገብ ነው።