«ይኸው፣ ኢሜይልሽም ይሠራል!»

መብራት ሄዶ ሲመለስ የቤታችን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ሲስተም ዩኒቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ከአራት ኪሎ በታክሲ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ አስነሳው። ኢንተርኔት መግባቱን ሊያሳየኝ ክሮምን ከፍቶ ጂሜይል ላይ ተጫነ። «ይኸው፣ ኢሜይልሽም ይሠራል!» አለኝ ደስ ብሎት። ከኋላዬ ሁለት ደንበኞች ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። የባንክ መልእክቴ፣ የሥራ ደብዳቤዬ፣ ሁሉም ተዘርግቷል። ላብ አጠመቀኝ።

ብሮውዘሩ (ክሮምም ሆነ ሌላ ኢንተርኔት የምትከፍቱበት) «ሴቭ ፓስወርድ?» ማለትም «ፓስወርዱን ላስቀምጠው?» ሲል ምን ልበለው ለምትሉ፣ የእኔ መልስ ይኼ ነው፦ ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ሌላ ሌላውን አስቀምጡ፣ የኢሜይሉን ግን ተዉት። የፌስቡኩም የሌላውም ፓስወርድ ሲጠፋ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ የሚላከው ኢሜይል ላይ ነው። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው ሌላውን አንድ በአንድ ይለቅመዋል።

ክሮም የሚያስቀምጠውን ፓስወርድ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ችግሩ ቁልፉ ከዊንዶውስ አካውንታችሁ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ማንም እንዲጠቀምበት ተብሎ ፓስወርድ አልነበረውም። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዊንዶውሱ ፓስወርድ አውጡ። ከዚያ ለየሰዉ የየራሱን አካውንት ክፈቱ። ይኼን የምለው በእህቴ ልጅ የተነሳ ነው። እናቴ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ብቻ ነው የምትሰማው፤ እሷ አታሰጋም። እሱ ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ጌም ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣል። ከእንዲህ ያለ ጌም ጋር ተደብቀው የሚገቡ፣ ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ ለቃቅመው ለባለቤታቸው የሚልኩ ቫይረሶች አሉ። የራሱ አካውንት ሲኖረው፣ ያውም አድሚን ያልሆነ (ኮምፒውተሩን እንዳሻው የመቀየር ሥልጣን የሌለው)፣ ጉዳቱ ይቀንሳል። ከወንበሩ ስትነሱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ጋር ተጫኑ፣ ስክሪኑ ይቆለፋል።

ቀጥሎ የተቀመጠውን አጥፉ። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ፓስወርድ ማናጀር ግቡ፣ የኢሜይሉን ፈልጋችሁ ዲሊት በሉት። ፋየርፎክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» የሚል፣ የተቀመጡትን ሁሉ በአንድ ፓስወርድ የሚቆልፍ አለ፣ አብሩት።

ግን ልብ በሉ! ያን ቀን ልጁ ፊት የተዘረገፈው በተቀመጠ ፓስወርድ አይደለም። ሳይን አውት ሳላደርግ በተውኩት ጂሜይል ነው። ፓስወርዱን አጥፍቶ ኢሜይሉን ክፍት መተው ምንም አይጠቅምም። ረስታችሁት ከወጣችሁ ወይም ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ በስልካችሁ ጉግል አካውንት ገብታችሁ ሴኪዩሪቲ የሚለው ውስጥ የመሣሪያዎቻችሁን ዝርዝር ታገኛላችሁ። ከዚያው ሆናችሁ ታስወጡታላችሁ።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ በስልካችሁ ማንነታችሁን የሚጠይቀውን፣ አብሩ። ስልካችሁ በሌለ ጊዜ የምትገቡባቸውን፣ ጉግል ባክአፕ ኮድ የሚላቸውን 10 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፣ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ገልብጣችሁ የቤት ካርታና የልደት ካርድ የምታኖሩበት ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ታክሲ ውስጥ ስልካችሁ የተመነተፈ ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

«ታዲያ ፓስወርዱን በምን ላስታውሰው?» ካላችሁ፣ ደብተር ላይ መጻፍ ነውር የለውም። እናቴ ቁምሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች፤ በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ ቁምሳጥን አይከፍትም። ሞኒተሩ ላይ በፕላስተር አትለጥፉት እንጂ። ብቻችሁን የምትኖሩና ይኼን ሁሉ ያደረጋችሁ ከሆነ፣ የኢሜይሉንም ብታስቀምጡት ብዙ አልከራከራችሁም።

በቀደም ኮምፒውተሩ ድምፅ አልሰጥ ብሎ እዚያው ጥገና ቤት ተመለስኩ። ከቤት ሳልወጣ ሳይን አውት አድርጌያለሁ። ልጁ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» አለኝ። «ቆይ እኔው ላስገባው» አልኩት። ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ።